«ያምራል፤ ግን እሱ አይደለም» ለሚባል የእንስሳት ሠዓሊ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ሁለት ዓመት ያህል ሰዎች የሚልኩልኝን ፎቶ እያየሁ ውሾችን፣ ድመቶችንና አልፎ አልፎም ፈረሶችን በትእዛዝ እሥላለሁ። ፀጉሩን አንድ በአንድ ስለምሠራ አንዱ ሥዕል ሳምንታት ይፈጃል። ይሁን እንጂ ባለቤቶቹ ሲያዩት ‹በጣም ያምራል፤ ግን እሱ አይደለም› ይሉኛል። የውሾቼ አፍንጫ ይገንናል፤ ድመቶቼ በጥጥ የተሞላ አሻንጉሊት ይመስላሉ፤ የፈረሶቼ እግር ደግሞ እንጨት ነው። ንድፉን ሳላዛባ ለመገልበጥ ፕሮጀክተር ልግዛ? ወይስ በፀጉር አሣሣል የበለጠ ልሠልጥን?»

ሁለቱም መፍትሔ አይሆኑም። ፕሮጀክተሩ ስሕተቱን ሳይዛነፍ እንዲገለብጡት ያግዝዎታል፤ የፀጉር ሥልጠናውም ያንኑ ስሕተት ያማረ ልብስ ያለብሰዋል። ከጥያቄዎ በስተጀርባ ፎቶው እንስሳው ራሱ እንደሆነ፣ የሠዓሊው ድርሻም ፎቶውን በታማኝነት ማባዛት ብቻ እንደሆነ የሚቆጥር እምነት ይታየኛል። መታረም ያለበት በቅድሚያ እሱ ነው፤ ምክንያቱም በሚልኩልዎ ዓይነት ፎቶዎች ላይ መልክ የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ እርሳሱ ወረቀቱን ከመንካቱ በፊት ነው።

የሚገንነውን አፍንጫ እንመልከት። የውሻው ባለቤት ስልኩን ከውሻው አፍንጫ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቆ ፎቶ አነሣ እንበል። የአፍንጫው ጫፍ ከዓይኑ 10 ሴንቲ ሜትር ቀድሞ የወጣ ከሆነ አፍንጫው ከካሜራው 30፣ ዓይኑ ደግሞ 40 ሴንቲ ሜትር ይርቃል ማለት ነው፤ ስለዚህ በፎቶው ላይ አፍንጫው ከዓይኑ ጋር ሲነጻጸር በአንድ ሦስተኛ ገዝፎ ይወጣል። ያው ውሻ 3 ሜትር ርቆ ቢነሣ ልዩነቱ ወደ 3 በመቶ ዝቅ ይላል፤ ዓይንም አያስተውለውም። ብዙዎች ይህን በስልኩ ሌንስ ያመካኛሉ፤ ጥፋቱ ግን የርቀቱ ነው፤ ሌንሱ የሚያደርሰው በደል ባለቤቱን እንዲጠጋ መገፋፋቱ ብቻ ነው። ባለቤቱ ውሻውን በየቀኑ ከክፍሉ ወዲያ ማዶ ሲመጣና ሲሄድ፣ በር ላይ ሲጠብቀው ያውቀዋልና፣ በልቡ የያዘው መልክ ከሩቅ የታየው ነው። እርስዎ ከአፍንጫው ሥር የታየውን ሥለው ሲሰጡት «እሱ አይደለም» ቢል ትክክል ነው።

በፈረስ ላይ ይህ ስሕተት ሌላ መልክ ይይዛል። ሰው ቆሞ፣ ስልኩን በዓይኑ ልክ ይዞ፣ ከፈረሱ ትከሻ በኩል ተጠግቶ ሲያነሣው ጭንቅላቱ ይገዝፋል፣ የኋላ አካሉ ይሰልላል፣ ከላይ ወደ ታች ስለሚታይም እግሮቹ ያጥራሉ። ፈረስን ሙሉውን ለማንሣት 10 ሜትር ያህል መራቅ፣ ካሜራውንም የደረቱና የሆዱ አጋማሽ እስካለበት ከፍታ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ፎቶው የተጣመመ መሆን አለመሆኑን ለመፈተሽ የጭንቅላቱን ርዝመት በወረቀት ቁራጭ ይለኩ፤ በአብዛኛው ፈረስ ከመሬት እስከ ጫንቃው፣ እንዲሁም ከደረቱ ፊት እስከ ቂጡ ጫፍ ወደ ሁለት ተኩል የጭንቅላት ርዝመት ይሆናል። ዝርያው ሲለያይ መጠኑም ይለዋወጣል፤ ነገር ግን በጎን ፎቶ ላይ ሁለት እንኳ ካልሞላ ለሥዕል አይጠቀሙበት።

ወደ እንጨት እግሮቹ ስንመጣ ችግሩ ከፎቶው አልፎ አጥንቱን ካለማወቅ ይመጣል። ብዙ ጀማሪ «የፈረስ የኋላ ጉልበት ወደ ኋላ ይታጠፋል» ብሎ ያምናል። አይታጠፍም። ወደ ኋላ ሾጥጦ የሚታየው መጋጠሚያ የእኛን ቁርጭምጭሚት የሚተካ ነው፤ ሹሉም ተረከዙ ነው። እውነተኛው የኋላ ጉልበት ከላይ፣ ከሆዱ ጎን ቆዳ ውስጥ ተሸሽጎ አለ፤ የሚታጠፈውም እንደኛው ነው። በፊት እግሩ ላይ «ጉልበት» የምንለው ደግሞ የእጅ አንጓው ሲሆን፣ ሰኮናው የአንዲት የመካከለኛ ጣት ጥፍር ነው። ፈረስ እንግዲህ ዕድሜውን በሙሉ በአራት ጥፍሮች ጫፍ ላይ ቆሞ የሚኖር እንስሳ ነው። ከአንጓውና ከቁርጭምጭሚቱ በታች አጥንት፣ ጅማትና ቆዳ እንጂ ሊጠቀስ የሚችል ሥጋ የለም። ስለዚህም ያ ክፍል በጠንካራ ጠርዝና በግልጽ ጥላ ይሠራል፤ ከላይ ያለው ታፋ ግን በለሰለሰ ሽግግር። እግሩ እንጨት የሚሆንብዎ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ጥላ ስለሚያለሰልሱት ይመስለኛል።

ጆርጅ ስተብስ የተባለው እንግሊዛዊ ሠዓሊ ይህን ለማወቅ የሄደበትን መንገድ ዛሬ ማንም እንዲደግመው አልመክርም፤ ግን መጥቀሱ ተገቢ ነው። ከ1756 ጀምሮ ሊንከንሸር ውስጥ ሆርክስቶው በተባለች መንደር በተከራየው ቤት 18 ወራት ያህል የሞቱ ፈረሶችን በገመድና በመዘውር እንደቆሙ አድርጎ እያንጠለጠለ፣ ቆዳውን፣ ከዚያ የጡንቻውን ድርብርብ፣ በመጨረሻም አጥንቱን እየገለጠ ሣለ። የፈረስን አካል ውስጣዊ አሠራር የሚያሳየው መጽሐፉ በ1766 ታተመ፤ የኅትመቱን ሰሌዳዎችም የቀረጸው በራሱ እጅ ነው። በ1762 ገደማ የሣለው፣ ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የሥዕል ቤት የተሰቀለው ዳማ ፈረስ ወደ 3 ሜትር በሚጠጋ ሸራ ላይ፣ ሣርም ሰማይም በሌለበት ባዶ መደብ ፊት በኋላ እግሮቹ ቆሟል። ጠጋ ብሎ የሚያይ ሰው አንድ በአንድ የተሣለ ፀጉር አይጠብቀውም። የሚያየው በተወጠረ ጡንቻ ላይ የሚንሸራተት ብርሃንና ከቆዳው ሥር የተነሡ የደም ሥሮችን ነው። ፀጉሩን የሚያሟላው የተመልካቹ ዓይን ነው።

ፈረሱ የሚሮጥ ከሆነ ሌላ ወጥመድ አለ። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ቴዎዶር ዤሪኮ በ1821 የሣለውን፣ በእንግሊዟ ኤፕሰም የሚካሄደውን የፈረስ ውድድር ብናይ፣ ፈረሶቹ የፊት እግራቸውን ወደ ፊት፣ የኋላውን ወደ ኋላ ዘርግተው በአየር ላይ ተንሳፍፈዋል። ያማረ ነው፤ ግን ፈረስ እንዲያ አይሮጥም። ፎቶ አንሺው ኤድዋርድ ማይብሪጅ በ1878 ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሜራዎችን በተርታ ደርድሮ ያነሣቸው ፎቶዎች እንዳረጋገጡት፣ በሽምጥ ግልቢያ አራቱም እግሮች በእርግጥ ከመሬት የሚለቁበት ቅጽበት አለ፤ ያ ቅጽበት ግን እግሮቹ ከሆዱ ሥር የተሰበሰቡበት እንጂ የተዘረጉበት አይደለም። ዛሬ የዤሪኮን አቋም መጠቀም የሚችሉት አውቀው፣ ለስሜቱ ብለው ከመረጡት ብቻ ነው። በሶምሶማ ደግሞ እግሮቹ በሰያፍ ጥንድ ሆነው ይነሣሉ፤ የፊት ግራው ከኋላ ቀኙ ጋር ማለት ነው። በአንድ ጎን ያሉትን ሁለቱን እግሮች በአንድነት አንሥተው ሶምሶማ ነው ካሉ፣ በዚያው መንገድ እንዲሄዱ ከተወለዱ ወይም ከሠለጠኑ ፈረሶች በቀር ባለ ፈረሱ ወዲያው ይይዝዎታል።

በጥጥ ስለተሞሉት ድመቶች የምለው ከትከሻቸው ይጀምራል። የድመትም ሆነ የውሻ፣ የፈረስም ጭምር የፊት እግር ከደረቱ ጋር በአጥንት መጋጠሚያ አልተያያዘም። ደረቱ በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መካከል በጡንቻ ተንጠልጥሏል። ድመት አድፍጣ ስትራመድ የትከሻ አጥንቶቿ ከጀርባዋ መስመር በላይ ተራ በተራ ብቅ ጥልቅ የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። ጀርባዋን ከማጅራት እስከ ጭራ በአንድ ለስላሳ ቅስት የሣለ ሰው ትራስ ሣለ። ረጅም ፀጉር ባላት ድመት እንኳ ትከሻው፣ ክርኑና የዳሌው ጫፍ ያሉበት ቦታ ፀጉሩ ይሰነጠቃል ወይም አቅጣጫውን ይቀይራል፤ ሊሣል የሚገባው ያ ለውጥ ነው።

ዓይን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነውና። የዓይን ብሌን በድመት ወደ ቁም፣ በፈረስ ወደ አግድም ይረዝማል፤ በውሻ ክብ ነው። የድመትን ዓይን ከጎን ያዩ እንደሆነ ከፊት እንደ ብርጭቆ ጉልላት የወጣ ጥርት ያለ ክፍል አለ፤ ባለቀለሙ ክፍል ያለው ከዚያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ቀለሙን እላዩ ላይ የሚቀቡ ሰዎች ዓይኑን ቁልፍ ያደርጉታል። የላይኛው ቆብ በዓይኑ ላይ የሚጥለውን ጥላ አይርሱ፤ እሱ ከሌለ እንስሳው የደነገጠ ይመስላል። «ስሜት ይኑረው» ብለው በውሻ ወይም በፈረስ ዓይን ዙሪያ የሰው ዓይን ዓይነት ነጭ የሚጨምሩም አሉ፤ ዙሪያውን የገለጠ ነጭ በነዚህ እንስሳት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የፍርሃት ምልክት ነው። የፎቶ ብልጭታ የሚያመጣውን አረንጓዴ ወይም ቢጫ ነጸብራቅ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይተዉት፤ ከዓይኑ ጀርባ ካለው ብርሃን መላሽ ሽፋን የሚመጣ እንጂ የዓይኑ ቀለም አይደለም።

እንግሊዛዊው ሠዓሊ ሉዊ ዌይን (1860–1939) ድመቶችን በሰው ፈገግታና በሰው ልብስ ሥሎ ታውቋል፤ ሠዓሊው ስቴንሌን ደግሞ በ1896 «ጥቁር ድመት» ለተባለው የፓሪስ ካባሬ (የምሽት መዝናኛ ቤት) የሣለው ማስታወቂያ ላይ አንዲት ጥቁር ድመት በጥቂት ጠርዞች ብቻ ሙሉ ማንነት ይዛ ተቀምጣለች። ሁለቱም ሙያቸውን የሚያውቁ ናቸው፤ ሁለቱም ግን «የእኔ ሚሚ» ተብላ የምትጠራን አንዲት ድመት እንዲያሳዩ አልታዘዙም። እርስዎ የሚሠሩት ምስለ መልክ ከሆነ የሰው ፈገግታ አይጨምሩ፤ የሚሠሩት አስቂኝ ሥዕል ከሆነም ለደንበኛው አስቀድመው ይንገሩት።

ጥቁር እንስሳትን በተመለከተ አጭር ነገር ልጨምር። ስልክ ጥቁር ፀጉርን ወይ እንደ ቀዳዳ ያጨልመዋል ወይ ግራጫ ያደርገዋል። በቀን ብርሃን የጥቁር እንስሳ ጀርባ ሰማዩን ስለሚያንጸባርቅ ከላይ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ከሆዱ በታች ወደ ቡኒ ይሞቃል። ጥቁሩን ከቱቦ አውጥተው ከመቀባት አልትራማሪን ሰማያዊንና ጥቁር ቡኒን ቀላቅለው ቢያወጡት ይሻላል።

አሁን ስላሉዎት አማራጮች። መገልበጥ ነውር ነው የሚሉትን አልደግፍም። ወረቀትን ከሥር በሚያበራ ሰሌዳም ሆነ በፕሮጀክተር የሚገለብጡ ብቁ ሠዓሊዎች አሉ፤ የሚለዩት ግን ገልብጠው ሲያበቁ የትኛው መስመር ውሸት እንደሆነ አውቀው የሚያርሙ መሆናቸው ነው። አጥንቱን ለማያውቅ ሰው መገልበጥ እጁን እንጂ ዓይኑን አያሠለጥንም። የደበዘዘ ፎቶን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ማጥራት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ፕሮግራሙ ያልነበረ የዓይን ጠርዝና ያልነበረ የፀጉር አዙሪት ፈጥሮ ይሰጥዎታል፣ እርስዎም የማያውቁትን ሌላ ውሻ በጥንቃቄ ይሥላሉ።

ሁለተኛው አማራጭ ከሕያው እንስሳ መንደፍ ነው። ስለ ቻይናዊው የ8ኛው መቶ ዘመን ሠዓሊ ስለ ሃን ጋን የሚተረክ አለ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ እንዲማር ሲያዝዘው «የእኔ መምህራን በግርማዊነትዎ ጋጣ ያሉት ፈረሶች ናቸው» አለ ይባላል። ፈረንሳዊቷ ሠዓሊ ሮዛ ቦነርም ታላቁን የፈረስ ገበያ ሥዕሏን ለመሥራት ዓመት ከመንፈቅ ያህል በሳምንት ሁለት ጊዜ ወደ ፓሪስ የፈረስ ገበያ እየሄደች ነድፋለች፤ ዓይን እንዳይበዛባትም የወንድ ልብስ ትለብስ ነበር። «እንስሳ አንድ ቦታ አይቆምልኝም» የሚለው ሰበብ የሚያስኬድ አይደለም። አንድ ገጽ ላይ አምስት ስድስት ንድፍ በአንድ ጊዜ ይጀምሩ፤ እንስሳው ሲዞር ወደ ሌላው ይለፉ፣ ወደ ቀደመው አቋሙ ሲመለስ ያቋረጡትን ይቀጥሉ፤ መመለሱም አይቀርም። በተኛች ድመትና ድርቆሽ በሚበላ ፈረስ ቢጀምሩ ይቀልልዎታል። በቀን 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ማጥፊያ ላጲስ ግን አይያዙ።

ከሕያው እንስሳው ጋር መቀመጥ ፎቶ የማይነግርዎትንም ይነግርዎታል። በጀማሪነቴ አንዲት ውሻ ከአንድ ጥሩ ፎቶ ሥዬ ለባለቤቷ አስረከብኩ፤ ርቀቱም ብርሃኑም ትክክል ነበር። አሮጊቷ ሴት ዝም ብለው ቆዩና ጣታቸውን የግራ ጆሮዋ ላይ አሳርፈው «ይቺ እኮ ከመካከሏ ትታጠፋለች» አሉኝ። ፎቶው በተነሣበት ቅጽበት ውሻዋ ድምፅ ሰምታ ሁለቱንም ጆሮ አቁማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመጀመሬ በፊት ለባለቤቱ የማቀርበው ጥያቄ «ሲያርፍ እንዴት ይቀመጣል?» የሚል ነው፤ የፎቶውን ምርጫ የሚወስነው መልሱ ነው።

ገደቡን ማወቅም የሥራው አካል ነው። እንስሳው ሞቶ፣ የቀረው አንድ ደብዛዛ ፎቶ ብቻ ሲሆን፣ ዝርዝር የበዛበት ትልቅ ሥዕል አልችልም ማለት አለብዎት። ትንሽ መጠን፣ ላላ ያለ አሠራር፣ ምናልባትም ፎቶው በእርግጥ የያዘውን የአቀማመጥ ቅርጽ ብቻ ማቅረብ ይችላሉ። የተመሳሳይ ዝርያ ውሻን አካል ወስዶ ጭንቅላቱን መግጠም ለባለቤቱ ካልተነገረው ማታለል ነው፤ ከተነገረውም ብዙ ጊዜ ያስከፋዋል። ያዘነ ሰው ከሥዕሉ የሚፈልገው ሥዕል የማይሰጠውን ሊሆን ይችላልና፣ «ልክ እሱን አደርግልሃለሁ» የሚል ቃል አይግቡ። የፎቶው መብት ደግሞ በብዙ አገሮች ሕግ የአንሺው እንጂ የእንስሳው ባለቤት አይደለም፤ ሌላ ሰው ያነሣው ከሆነ ፈቃዱን በጽሑፍ ይያዙ።

ስለ ጤናና ስለ ደኅንነት ጥቂት ነገር። እርጥብ የዘይት ቀለም ባለበት ክፍል ድመት አይግባ፤ የረገጠውን ከመዳፉ ይልሳልና፣ እርሳስ የተባለው ብረት ወይም ካድሚየም ያለበት ቀለምና የቀለም ማቅጠኛው ተርፐንታይን ይመርዘዋል። የፓስቴል (የጠመኔ መሰል ቀለም) ብናኝንም በአፍ እፍ ብለው አያብንኑ። ፈረስ ሲነድፉ ከኋላው በቀጥታ አይቁሙ፣ አጠገቡም መሬት ላይ አይቀመጡ፤ ከአጥር ወዲህ ሆኖ መንደፍ ምንም አያጎድልም።

የምመክርዎ ይህ ነው። ፕሮጀክተሩን አይግዙ። ለሦስት ወራት ፎቶውን ራስዎ ሊያነሡት የሚችሉትን፣ ወይም ባለቤቱ እርስዎ እንዳዘዙት ደግሞ ሊያነሣው ፈቃደኛ የሆነበትን ሥራ ብቻ ይቀበሉ፦ ለውሻና ለድመት 3 ሜትር ርቀት፣ ካሜራው በእንስሳው ዓይን ከፍታ፣ ብልጭታ የለም፣ ብርሃኑ ከአንድ ወገን በመስኮት የሚገባ፣ ፊቱ በፎቶው ላይ ትንሽ ሆኖ ቢወጣም ከሩቅ አንሥቶ ኋላ ዙሪያውን መቁረጥ። በእያንዳንዱ ሥራ መጀመሪያ በፎቶው ላይ ስስ ወረቀት ዘርግተው የትከሻውን፣ የክርኑን፣ የአንጓውን፣ የዳሌውን፣ የጉልበቱንና የተረከዙን ቦታ በነጥብ ያመልክቱ፤ አንዱን እንኳ ማግኘት ካቃተዎት ወደ አጥንት ሥዕል ይመለሱ። ከዚያ አካሉን በሦስት ደረጃ ግራጫ፣ ያለ አንዲት ፀጉር ይሥሩት። ፀጉር የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም በዓይኑ ዙሪያ፣ በጆሮው ጠርዝና ብርሃን ከጥላ በሚገናኝበት ቦታ ብቻ። ሳምንታት የሚፈጀው ሥራዎ በዚህ ሲያጥር ይገረማሉ።

ግራጫው እንዳለቀ፣ ፀጉር ከመጀመርዎ በፊት፣ ፎቶ አንሥተው ያለ ምንም ማብራሪያ ለባለቤቱ ይላኩለት። የእንስሳውን ስም ጠርቶ ከመለሰልዎት ይቀጥሉ። «ጥሩ ጀምረሃል» ካለ ግን ቀለም ሳያባክኑ ወደ ነጥቦቹ ይመለሱ።